የዜና አጻጻፍ ደንቦችን መማር ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ በአንድ የአማርኛ ዜና ክፍል በጀማሪ ዘጋቢነት ተቀጥሬ እየሠራሁ ነው። የማቀርባቸው ዜናዎች በአርታኢዬ እጅ ብዙ ተለውጠው ይወጣሉ፤ ምክንያቱን ስጠይቅ የሚሰጠኝ መልስ «የአጻጻፍ ደንብ አልጠበቅህም» የሚል ነው። ተቋማችን ግን በጽሑፍ የተዘጋጀ መመሪያ የለውም። ስለዚህ የአሶሺየትድ ፕሬስን የእንግሊዝኛ መመሪያ አግኝቼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እየሸመደድኩ ነው። ይህ መንገድ ያዋጣል? ካላዋጣስ ደንቦቹን በምን ቅደም ተከተል ብማራቸው ይሻላል?

ምላሽ፦ ባጭሩ ለመመለስ፣ ሽምደዳውን ቢተዉት ይሻላል። የአጻጻፍ መመሪያ አርታኢዎች በሥራ ላይ የገጠሟቸውን ጥርጣሬዎች እንዴት እንደፈቱ የሚያሳይ የውሳኔ መዝገብ ነው፤ መዝገብ ደግሞ ሲያስፈልግ ይገለጣል እንጂ በቃል አይያዝም። ዘጋቢ በቃሉ ሊይዘው የሚገባው ውሳኔ የሚያሻበትን ቦታ ነው፤ ይኸውም በየትኛው ቃል፣ በየትኛው ቁጥርና በየትኛው የግስ መድረሻ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ማየት እንዳለበት ማወቅ ነው። ልምድ ያለው አርታኢ ዜና ሲያነብ ደንቦችን በአእምሮው እየደረደረ አያነብም፤ ዐይኑ አደገኛ ቦታዎችን ስለለመደ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ መዝገቡንም የሚያወጣው ያን ጊዜ ነው። እርስዎም ከአደገኛው ጀምረው ወደ ቀላሉ እየሄዱ ቢማሩ ይመረጣል።

ይህን የምለው የያዙት መጽሐፍ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። አሶሺየትድ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ1846 የተመሠረተ የዜና ወኪል ሲሆን፣ መመሪያው በእንግሊዝኛ ጋዜጠኝነት ውስጥ በሰፊው ይሠራበታል። ነገር ግን እንዲህ ያሉ መጻሕፍት በየጊዜው ይሻሻላሉ። ወኪሉ ከቁጥር በፊት «ከዚህ በላይ» ለማለት «ሞር ዛን» እንጂ «ኦቨር» አይባልም እያለ ዘጋቢዎችን ለረጅም ዘመን ሲያርም ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለቱንም ፈቀደ፤ የመቶኛን ምልክት ከአሐዝ ጋር መጠቀም ይቻላል ያለውም እ.ኤ.አ. በ2019 ነው፤ ከዚያ በፊት ቃሉ በፊደል እንዲጻፍ ያዝዝ ነበር። የቀድሞውን በቃላቸው ይዘው የነበሩ ሁሉ ያን ጊዜ ያወቁት ተሽሮባቸዋል።

ከእንግሊዝኛው መመሪያ ወደ አማርኛ የሚሻገር ክፍል አለ፤ የማይሻገርም አለ። ምንጭን በግልጽ መጥቀስ፣ ያልተረጋገጠን ነገር እንደተረጋገጠ አለማቅረብ፣ ተጠርጣሪን ጥፋተኛ አድርጎ አለመጻፍ፣ ስህተት ሲገኝ በይፋ ማረም የትም ቢሆን ይሠራሉ። ስለ ትልልቅና ትንንሽ ፊደላት፣ ስለ ሰው ስም፣ ስለ ቀንና ሰዓት የሚያወራው ብዙ ገጽ ግን ለእኛ አይበጅም፤ አንዳንዱ እንዲያውም ያሳስታል። ለምሳሌ መመሪያው ሰው በዜናው ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠቀስ በቤተሰብ ስሙ ይጠራ ይላል። የኢትዮጵያውያን ስም የራስ ስምና የአባት ስም ስለሆነ፣ ይህ ደንብ እንዳለ ከተወሰደ ባለጉዳዩ ይቀርና አባቱ ይጠራሉ፤ የውጭ አገር የስፖርት ዜናዎች ሯጩን ኃይሌን «ገብረሥላሴ» እያሉ የጻፉት በዚሁ ምክንያት ነው። በአማርኛ ዜና በመጀመሪያው ጠቀሳ የራስና የአባት ስም ይጻፋል፤ ከዚያ በኋላ በራስ ስም ይቀጠላል። «ገብረ»፣ «ወልደ»፣ «ኃይለ» እያሉ የሚጀምሩ ጥምር ስሞች ሲመጡ ደግሞ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ስም ናቸውና ግማሹ ተቆርጦ አይቀርም። የሚጋጠሙት ወይስ የሚለያዩት ለሚለው ጥያቄ መልሱ ባለስሙ ራሱ እንደሚጽፈው ነው፤ ይህን መጠየቅ የዘጋቢው ሥራ ስለሆነ በቃለ መጠይቁ መጨረሻ ላይ ስሙን ፊደል በፊደል እንዲነግሩዎት መጠየቅን ልማድ ያድርጉት።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ እመጣለሁ። መጀመሪያ ሊማሩት የሚገባው የምንጭ አጠቃቀስን ነው። ብዙ ጀማሪዎች ይህን «ማን እንደተናገረ ጻፍ» ከሚል ትእዛዝ የማያልፍ አድርገው ያዩታል። በአማርኛ ግን ጉዳዩ ረቀቅ ይላል፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ለነገሩ እውነትነት ምን ያህል ኃላፊነት እንደወሰደ ከተናጋሪው ስም ሌላ የግሱ አቀራረጽም ይናገራል። የሚከተሉትን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ያነጻጽሩ። «ፖሊስ የመጋዘኑ ጠባቂ ንብረቱን መስረቁን አስታወቀ።» «ፖሊስ የመጋዘኑ ጠባቂ ንብረቱን እንደሰረቀ ተናገረ።» «የመጋዘኑ ጠባቂ ንብረቱን ሰርቋል ሲል ፖሊስ ተናገረ።» በመጀመሪያው ስርቆቱ ያለቀለት ነገር ነው፤ ፖሊስ ያደረገው የታወቀውን ማሳወቅ ብቻ ይመስላል፤ «መስረቁን» የሚለው አቀራረጽ ድርጊቱን የተቀበልነው እውነት አድርጎ ስለሚያስቀምጠው የዜና ተቋሙ ከፖሊስ ጎን ቆሞ ይመሰክራል። ሁለተኛው ጥቂት ራቅ ይላል። ሦስተኛው ቃሉን ሙሉ በሙሉ ለተናጋሪው ይተዋል። ከሁሉም የሚብሰው ግን በርዕስ ላይ ዘወትር የሚታየው «ንብረት የሰረቀው ጠባቂ ተያዘ» ነው፤ በዚህ ውስጥ ምንጩ ጨርሶ ጠፍቷል፣ ፍርድ ቤቱም ሥራውን ተቀምቷል።

ይህ ማለት «መሆኑን» እና «መደረጉን» የሚሉ አቀራረጾች በዜና አይገቡም ማለት አይደለም። ተናጋሪው የነገሩ ባለቤት ሲሆን በቦታቸው ናቸው። ፈተናን የማራዘም ሥልጣን ያለው ተቋም «ፈተናው መራዘሙን አስታወቀ» ቢባል የሚጠረጠር ነገር የለም፤ መራዘሙን እውነት የሚያደርገው የራሱ ውሳኔ ነውና። እርስዎ በሰነድ ወይም በዐይንዎ ያረጋገጡት ነገር ሲሆንም እንዲሁ። አንዱ ወገን በሌላው ላይ የሚናገረው፣ አከራካሪ የሆነ አሐዝ፣ የጦርነት ወሬ፣ ክስና አቤቱታ ሲሆን ግን «ብለዋል»፣ «ሲሉ ተናግረዋል»፣ «እንደ … ገለጻ» ወደሚሉት መሄድ ያስፈልጋል። አርታኢዎ ብዙ ጊዜ የሚለውጡብዎት ይህን ዓይነቱን ይመስለኛል፤ እስካሁን የታረሙ ዜናዎችዎን አውጥተው ቢያዩ ሳያገኙት አይቀሩም።

የግሱ ምርጫም ከዚሁ ጋር አብሮ ይሄዳል። «አለ» እና «ተናገረ» ማንንም አይደግፉም። «አረጋገጠ»፣ «ጠቆመ»፣ «አስገነዘበ» እና «አጋለጠ» ግን የተባለው ነገር እውነት ነው የሚል ፍርድ በሆዳቸው ይዘዋል፤ «አመነ» ደግሞ ጥፋት መኖሩን አስቀድሞ ይወስናል። በትምህርት ቤት ድርሰት ቃል መደጋገም ነውር ነው ተብለን ስላደግን ዘጋቢዎች በአንድ ዜና ውስጥ «ተናገሩ»ን ሁለት ጊዜ ላለማለት ሲሉ ወደ እነዚህ ይሸሻሉ። አንባቢ ግን «ተናገሩ» የሚለውን ቃል ሳያስተውለው ያልፈዋል፤ ቢደጋገም አይሰለቸውም።

«ተገለጸ» የሚለው ቃል ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል፤ የአማርኛ ዜና ትልቁ መደበቂያ እሱ ነውና። «በክልሉ የወባ ሥርጭት መጨመሩ ተገለጸ» የሚል ርዕስ ሲያዩ «በማን?» ብለው ይጠይቁ። ዜናው ውስጥ ገብተው ገላጩ በመስኩ የሚያገባው ተቋም ሆኖ ካገኙት ስሙ ርዕሱ ላይ ይውጣ፤ አንድ የስብሰባ ተካፋይ በጨዋታ መሐል የተናገረው ሆኖ ካገኙት ደግሞ ጉዳዩ ዜና መሆኑን ራሱን ይጠርጥሩ። «ተብሏል»፣ «ተጠቁሟል»፣ «ታውቋል» የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ምንጩ ለደህንነቱ ሲባል ስሙ እንዳይጠራ ከተወሰነ ያንኑ በግልጽ መጻፍ ይቻላል፤ ለምን እንደተሸሸገና ሰውዬው ጉዳዩን እንዴት ሊያውቅ እንደቻለ አብሮ ይነገራል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ የአገባብ ችግር አለ። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ስለሆነ፣ ዘጋቢው የተቋሙን ስም መጀመሪያ ላይ ጽፎ «አስታወቀ» እስኪል ድረስ መሐሉን በቁጥር፣ በቦታ፣ በምክንያትና በማዕረግ ይሞላዋል፤ አንባቢም ማን ምን እንዳደረገ ለማወቅ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ይጠብቃል። መፍትሔው ዋናውን ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ማሰር፣ ዝርዝሩን ለቀጣዩ ማቆየት ነው። «ሚኒስቴሩ በሦስት ክልሎች በሚገኙና ግንባታቸው በተያዘው በጀት ዓመት መጀመሪያ ላይ በተጀመሩ መንገዶች ላይ ባካሄደው ግምገማ ሥራው በግብዓት እጥረት ምክንያት መጓተቱን አስታወቀ» ከማለት፣ «በሦስት ክልሎች የተጀመሩ መንገዶች ሥራ በግብዓት እጥረት መጓተቱን ሚኒስቴሩ አስታወቀ» ብሎ ግምገማውን በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ማምጣት ይቀላል። በዚህኛው ተናጋሪውና ማሰሪያ አንቀጹ ጎን ለጎን ስለሆኑ የሚፈልጋቸው ወዲያው ያገኛቸዋል።

ሁለተኛው አደገኛ ቦታ የአክብሮት አጻጻፍ ነው፤ ይህ ደግሞ በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ውስጥ ፈጽሞ አያገኙትም። ሚኒስትሩ ሲከሰሱ «ተከሰሱ»፣ ጥበቃው ሲከሰስ «ተከሰሰ» ከተባለ ዜናው ገና ከመጀመሪያው ቃል በሁለቱ መካከል ደረጃ አበጅቷል። የከፋው በአንድ ዜና ውስጥ ሰውዬው በሥልጣን ላይ ሳሉ «እሳቸው» ሲባሉ ቆይተው ከታሰሩበት አንቀጽ ጀምሮ «እሱ» ሲሆኑ ነው። በእኔ እምነት ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሁሉ፣ ሥራውና የተከሰሰበት ጉዳይ ምንም ይሁን ምን፣ በአንድ ዓይነት የአክብሮት አጻጻፍ ቢጻፍ ይገባል። ለአትሌቶችና ለድምፃውያን በቅርበት መጻፍ የተለመደ ስለሆነ አንዳንድ ተቋማት ይህን ለይተው ያስቀራሉ፤ ያም ቢሆን የተወሰነና የተጻፈ ከሆነ አልቃወምም። የአክብሮት ግስ ከብዙ ቁጥር ግስ ጋር አንድ መልክ ስላለው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ «ዳይሬክተሩና ሁለት ባልደረቦቻቸው ተገኝተው ነበር፤ ሰነዱን ፈርመዋል» ቢባል የፈረሙት ዳይሬክተሩ ብቻ ይሁኑ ሦስቱም አይታወቅም። እንዲህ ሲሆን ስሙን መድገም ነው የሚያዋጣው።

በሕግና በመንግሥት ጉዳይ ላይ ያሉ ቃላትን እንደ ስም ሳይሆን እንደ ቁጥር ይቁጠሯቸው፤ አንዱ በሌላው አይተካም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ የዜናው ቃላትም ይህን መንገድ ይከተላሉ። ምርመራ ላይ ያለው «ተጠርጣሪ» ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ክስ ከመሠረተ በኋላ «ተከሳሽ» ይሆናል፤ «ጥፋተኛ» የሚባለው ፍርድ ቤቱ ሲለው ብቻ ነው፤ የቅጣት ውሳኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሌላ ዜና ነው። «ተፈታ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይናገርም፤ በዋስ ተለቆ፣ ክሱ ተቋርጦ፣ በነጻ ተሰናብቶ፣ በምሕረት ወይም ቅጣቱን ጨርሶ ሊሆን ይችላል፤ አምስቱም የተለያየ ትርጉም አላቸው። እንዲሁም አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ደንብ የሚያወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያ የሚያወጣው በሕግ ውክልና የተሰጠው አስፈጻሚ ተቋም ነው። ረቂቅ አዋጅ ገና ሕግ አይደለምና «አዲሱ አዋጅ ይከለክላል» ሳይሆን «ረቂቁ ከጸደቀ ይከለክላል» ይባላል። «ሚኒስቴር» መሥሪያ ቤቱ፣ «ሚኒስትር» ሰውዬው መሆናቸውን እንኳ የሚያምታታ ዜና በየቀኑ አይጠፋም።

ቀንና ሰዓት ላይ ሲደርሱ የውጭ ዜና የሚተረጉሙ ከሆነ በጣም ይጠንቀቁ። በእኛና በፈረንጆች አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም 1 ቀን እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ስለሆነ ዓመተ ምሕረቱ ብቻውን አይቀየርም፤ ወሩ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. ማርች 2020 በእኛ በ2012 ዓ.ም. ውስጥ ሲወድቅ፣ የዚያው ዓመት ኖቬምበር ግን በ2013 ዓ.ም. ውስጥ ነው። ማርችም በሙሉ መጋቢት አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት የየካቲት ናቸውና ቀኑ ያልተጠቀሰበትን ወር በግምት ከመተርጎም «እ.ኤ.አ. ማርች 2020» ብሎ መተው ይሻላል። ይበልጥ የሚያሳስተው «በዚህ ዓመት» የሚለው አነጋገር ነው። በጥቅምት ወር የተጻፈ የውጭ ዜና «በዚህ ዓመት ማርች ላይ» ሲል የእኛ አዲስ ዓመት በመሐል ስለገባ ለእኛ አንባቢ ያ ያለፈው ዓመት ነው። የበጀት ዓመትም ሌላ ጣጣ አለው፤ የ2016 በጀት ዓመት የጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. ነውና «በ2016» እና «በ2016 በጀት ዓመት» አንድ አይደሉም።

ሰዓትን በተመለከተ ስድስት ሰዓት መቀነስና መደመሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚረሳው የጊዜ ክልሉ ነው። በግሪንዊች አቆጣጠር እኩለ ቀን ሲሆን በኢትዮጵያ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። የሌሊት ክስተት ሲሆን ደግሞ «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» የሚለው የትኛውን ሌሊት እንደሆነ አይለይም፤ ማክሰኞን ያነጋው ነው ወይስ ማክሰኞ መሽቶ የመጣው? ቋንቋው ራሱ መፍትሔውን ይዟል፦ «ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ቢሉ ክርክር አይኖርም። «ዛሬ» እና «ትናንት» ደግሞ በጋዜጣ ገጽ ላይ ችግር የላቸውም፤ በስልክ ከወራት በኋላ ተፈልጎ ለሚነበብ ዜና ግን ቀኑ አብሮ ይጻፍ።

ስለ አሐዝ ሁለት ነገር ብቻ እላለሁ። የመጀመሪያው «ወደ» ነው፤ «ወደ 50 ሺህ አደገ» ሲባል «50 ሺህ ደረሰ» ማለትም «50 ሺህ ያህል ጨመረ» ማለትም ሊሆን ይችላል። የመነሻውን አሐዝ ይዘው «ከ30 ሺህ ተነስቶ 50 ሺህ ደረሰ» ካሉ ግን አሻሚነቱ ይጠፋል። «በሦስት እጥፍ ጨመረ» የሚለውም በዚሁ መንገድ ይታረማል። ሁለተኛው መቶኛ ነው። አንድ ነገር ከ20 በመቶ ወደ 25 በመቶ ከፍ ሲል የጨመረው በ5 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ «በ5 በመቶ ጨመረ» ከተባለ ስህተት ነው፤ ከራሱ ከመነሻው ጋር ሲነጻጸር ጭማሪው 25 በመቶ ነውና። የዋጋ ንረት ከ30 ወደ 20 በመቶ ወረደ ማለትም ዋጋ ረከሰ ማለት አይደለም፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። የቀረው፣ እስከ 9 ያለው በፊደል ከ10 ጀምሮ ያለው በአሐዝ ይጻፍ የሚለው፣ «ሚሊዮን» ወይስ «ሚሊየን» የሚለው ሁሉ፣ ተቋሙ የመረጠውን ይዞ መሄድ ነው።

ስለ ፊደላት የምናገረው ጥቂት ነው፤ ጀማሪዎች ከሚገባው በላይ የሚጨነቁትም ለዚህ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በዛሬው አማርኛ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ «ግብጽ» ወይም «ግብፅ» ብሎ የጻፈ ሰው አንባቢን አላሳሳተም። እንደ «ሰረቀ» እና «ሠረቀ» ያሉ፣ አንዱ የሌባ ሌላው የፀሐይ የሆኑ፣ ጥቂት ጥንዶች ቢኖሩም በዜና ውስጥ አገባቡ ስለሚለያቸው አያሰጉም። ወጥነቱ የሚያስፈልገው በተለይ ለፍለጋ ነው። ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት በዩኒኮድ ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ስላለው፣ ያንኑ ሰው በሦስት ዓይነት አጻጻፍ የመዘገበ ተቋም የራሱን የድሮ ዜና ፈልጎ ያጣል። ስለዚህ የሚደጋገሙ ስሞችን አንድ ጊዜ ወስኖ መዝግቦ መያዝ ይበቃል፤ በምርጫው ላይ ከባልደረባ ጋር መጣላት አያስፈልግም። አራት ነጥብን ሁለት «፡» ደርድሮ መጻፍ ግን በምርጫ የሚታለፍ አይደለም፤ «።» የራሱ ቁልፍ አለው።

ወደ አጠናኑ ዘዴ ስመጣ ከሁሉ የላቀው መምህር የታረመ ጽሑፍዎ ነው። ያቀረቡትን ረቂቅና የወጣውን ዜና ጎን ለጎን አድርገው አርታኢው የለወጡትን እያንዳንዱን ቃል ምልክት ያድርጉበት፤ ከዚያ ለውጦቹን በዓይነታቸው ይለዩ፦ ይህ የምንጭ፣ ይህ የስም፣ ይህ የአሐዝ፣ ይህ የርዝመት እያሉ። ጥቂት ዜናዎችን እንዲህ ካዩ በኋላ የእርስዎ ስህተት በሁለት ወይም በሦስት ዓይነቶች ላይ መከማቸቱን ያያሉ፤ መጀመሪያ የሚማሩት እነዚያን ነው። ለለውጡ ምክንያት ያላገኙለት ካለ አርታኢዎን ይጠይቁ፤ ግን ዜናው ሊወጣ በሚጣደፍበት ሰዓት አይደለም። በዚያች ሰዓት እርማቱን ተቀብሎ ማሳለፍ፣ ክርክሩን ለነገ ማቆየት የሙያው ሥርዓት ነው። «እንዲሁ ደስ አላለኝም» የሚል መልስ ካገኙም አይከፋዎት፤ የአርታኢ ምርጫና የተቋም ደንብ የተለያዩ መሆናቸውን ማወቅ ራሱ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ጥሩ ልምምድ የተቋማትን መግለጫ ወደ ዜና መለወጥ ነው። መግለጫ ተቋሙ ስለራሱ እንዲባልለት የሚፈልገውን ይዞ ይመጣል፤ «በስኬት ተጠናቀቀ»፣ «አመርቂ ውጤት ተመዘገበ»፣ «ርብርብ እየተደረገ ነው»፣ «በተጠናከረ ሁኔታ ይቀጥላል»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል» በሚሉ ሐረጎች ይሞላል። እያንዳንዱን ሐረግ ይሰርዙና በቦታው የሚገባ እውነታ ይፈልጉ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ ስንት? የሚተካ እውነታ ካልተገኘ ቦታው ባዶ ይሁን። አንድ ገጽ መግለጫ በዚህ ወንፊት አልፎ አራት መስመር ብቻ ቢቀረው አይደንግጡ፤ ዜናው ያ ነበር። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቀጥተኛ ጥቅስ ሲያጋጥም ነው፤ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለው ቃል የተናጋሪው ስለሆነ ከእኛ ደንብ ጋር እንዲስማማ ተብሎ አይቀየርም፤ የፊደል አጻጻፉ ብቻ ይስተካከላል። የተናገሩት የማይመች ከሆነ ጥቅሱን ትቶ በራስ ቃል መጻፍ ይቻላል።

ዜናውን ጽፈው ሲጨርሱ አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥተው ያንብቡት፤ የረዘመውን ዐረፍተ ነገር ትንፋሽዎ ያሳይዎታል። ከዚያ ይዘቱን ሳያነቡ ስሞችን ብቻ፣ ቀጥሎ ቁጥሮችንና ቀኖችን ብቻ ይፈትሹ። ሁሉን በአንድ ንባብ ለማየት የሚሞክር ዐይን ታሪኩን ሲከተል አሐዙን ይዘለዋል።

የቀረው ተቋምዎ የጽሑፍ መመሪያ የለውም ያሉት ነው። መጽሐፍ እስኪዘጋጅ አይጠብቁ፤ ሁሉም የዜና ክፍሉ ባልደረባ ሊከፍተው የሚችል አንድ የጋራ ሰነድ ይበቃል። የሚመዘገብበት ነገር በዜና ክፍሉ ውስጥ በእርግጥ ያከራከረ ጉዳይ ብቻ ይሁን፤ ያላከራከረን ነገር አስቀድሞ በደንብ ማጠር ሰነዱን ማንም የማያነበው ያደርገዋል። ለእያንዳንዱ ውሳኔ የተመረጠው አጻጻፍ፣ አንድ ምሳሌ፣ ምክንያቱ በአንድ መስመር፣ የተወሰነበት ቀንና የወሰነው አርታኢ ይጻፍ። ምክንያቱ መጻፉ ዋነኛ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ምክንያቱ የጠፋበትን ደንብ ማን በድፍረት ሊሽረው ይችላል? ሐሳቡን ለአርታኢዎ ሲያቀርቡ ባዶ ሰነድ ይዘው አይሂዱ፤ ከታረሙት ዜናዎችዎ ያወጧቸውን ለውጦች ረቂቅ አድርገው ያቅርቡላቸውና የማይስማሙበትን ይሰርዙት።